የክቡር ኦርቪል ትቬት አርባ አንድ አስተያየቶች

በየትኛውም የምድር ጥግ ሦስት ሰዎች ተሰብስበው መምከር ከጀመሩ፣ አራተኛው ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ጉሮሮውን ይጠርግና «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ይላል። ለእኛ ለኦሪገን ባሕር ዳርቻ ሰዎች የደረሱን ክቡር ኦርቪል ትቬት ናቸው። ዕድሜ፦ ሰማንያ አንድ። የቀድሞ ሥራ፦ ወተት ማለብ። የአሁኑ ሥራ፦ የእኔ ስብሰባ።

እኔ ደግሞ ረግረግ መልሶ በሚያለማ ድርጅት ውስጥ ሥራዬ ማስረዳት ነው። ወንዛችን ከባሕር የሚገናኝበት ሜዳ ድሮ ጨዋማ ረግረግ ነበር፤ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላበት፣ ሁለት ጊዜ ይሸሽበት ነበር። የዛሬ መቶ ዓመት ገበሬዎች በአፈር ግድብ ከባሕሩ ለይተው የላም ሣር አበቀሉበት። ረግረግ ግን ሲደርቅ ይሟሽሻል። ሜዳው እየወረደ ከባሕሩ በታች ሆነ፤ የሳልሞን ዓሣ ጫጩቶችም ክረምቱን የሚጠለሉበት አጡ። ስለዚህ አሮጌውን ግድብ ቆርጠን ባሕሩን ልናስገባ፣ ከኋላ ደግሞ አዲስ ግድብ ሠርተን የገበሬዋን የሎርና ቢሾፍን በረትና ስድሳ ላሞቿን ልንጠብቅ አሰብን። ይህን ባስረዳሁ ቁጥር በደስታ እንቀጠቀጣለሁ።

ክቡርነታቸው አልተንቀጠቀጡም።

«አንቺ ልጅ፣ አባቴ ባሕሩን ሲያስወጣ ወገቡ ጎበጠ። አንቺ በግብዣ ካርድ ልትጠሪው ነው?»

«ሳልሞኖቹ ይመለሳሉ እኮ፣ ሚስተር ትቬት።»

«ማን ነግሯቸው? አድራሻ ለጥፈሻል?»

በሦስት ዓመት ውስጥ አርባ አንድ አስተያየት ሰጡ፤ ሁሉንም ቁጥር እየሰጠሁ መዘገብኩ። ሰባተኛው ስለ ትንኝ ነበር። አሥራ ዘጠነኛው የአዳራሹ ወንበር ስለሚቆረቁር ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ሠላሳ ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦

«አዲሱ ግድባችሁ በሎርና መሬት ጥግ ይሰጥማል። እዚያ ጥልቅ ቦይ ነበረ። እኔና አባቴ ነን የደፈንነው፤ በግንድ፣ በድንጋይና በአንድ አሮጌ መኪና።»

«ኦርቪል፣ ሹፌሩን አውጥታችሁት ነበር?» አለ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በካርታችን ላይ ቦታው ለጥ ያለ ሜዳ ነው። «33፦ መኪና» ብዬ ጻፍኩና ወደ ሠላሳ አራተኛው አለፍኩ። ድምፅ ሲሰጥ የሁሉም ባለመሬት እጅ ወጣ፤ የእሳቸው ብቻ ኪሳቸው ውስጥ ቀረ።

አሮጌው ግድብ በመስከረም ተቆረጠ። በታኅሣሥ፣ የዓመቱ ትልቁ የባሕር ሙላት ሊደርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ አዲሱን ግድብ ላይ ሄጄ አየሁት። በሎርና ጥግ አንድ ክንድ ሰጥሟል። ልክ መኪናው ላይ።

ክቡርነታቸው ቀድመውኛል። በትራክተራቸው አሸዋ የሞላ ጆንያ ጭነው መጥተው፣ ከሎርና ጋር እየደረደሩ ነው።

«ሚስተር ትቬት፣ ይህን ግድብ ተቃውመው አልነበር እንዴ?»

«አሁንም እቃወማለሁ። ጫፉን ያዢ።»

«ኦርቪል፣ ንግግሩን ለነገ!» ብላ ጮኸች ሎርና፣ ጭቃ እስከ ጉልበቷ።

ለነገ አላሉም። ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ጆንያ በተቀባበልን ቁጥር፣ ስለ መኪናው ቀለም፣ ስለ ጎማውና ስለ መሐንዲሶች አእምሮ ገለጻ ተደረገልኝ። ውኃው ሦስተኛውን የጆንያ ረድፍ ነካ፤ ቆመ፤ ያሰበ መሰለ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ሸሸ። ስድሳዎቹ ላሞች ምንም ሳይሰሙ ያመሰኳሉ።

ዞር ስል ክቡርነታቸው ከግድቡ ወዲያ፣ በባሕሩ በኩል፣ ቁጢጥ ብለዋል። ውኃ በዋጠው ሣር መካከል ጣት የሚያህሉ የሳልሞን ጫጩቶች፣ ምናልባት መቶ፣ አፋቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ይርገበገባሉ። ልቤ ዘለለ።

«አዩ ሚስተር ትቬት! እነዚህ እኮ ጨው አልባውና ጨዋማው ውኃ በሚቀላቀልበት ቦታ ነው ሰውነታቸውን ለባሕር...»

ሳይዞሩ እጃቸውን አነሡ።

«ዝም በይ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ታስደነግጪያቸዋለሽ።»

በሕይወቴ ማስረዳቴን በደስታ ያቋረጥኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።