በሞቴ ባይዋ እትዬ ደብሬ

ሲጋብዙ ሞታቸውን የሚያስይዙ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? በእኛ በቆሰበር እትዬ ደብሬ አሉ። በቀን ስንቴ «በሞቴ» እንደሚሉ እግዜር ይወቀው።

የማርያም ማኅበር ተራ የደረሳቸው ዕለት፣ ብርዝ የሞላ ዋንጫ ይዘው ጥሩነሽ ፊት ተገተሩ። ጥሩነሽ ስኳር በሽታ አለባት። ባለፈው ራሷን ስታ በጭነት መኪና ዳንግላ ሐኪም ቤት ወስደናት ነበር። ስትመለስ እዚያ የተማረችውን ሁሉ ለእኛ ለማኅበርተኞቿ አስተማረችን።

«ማር ተከልክያለሁ፣ እትዬ።»

«ከገዛ ቀፎዬ የተቆረጠ ነው! የእኔ ማር ሰው ይገድላል? በሞቴ!»

በሞቴ ተብሎ እንዴት እምቢ ይባላል? የጥሩነሽ እጅ ወደ ዋንጫው ተዘረጋ።

«በሞቴ እንዳትቀምሺው!» ብዬ ጮህኩ። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

«በእኔም ሞት!» አለች ከጎኔ ያለችው።

«በእኔም!» «በእኔም!» አሉ ሴቶቹ በሙሉ።

እትዬ ደብሬ ዞር ዞር ብለው አዩን። ያን ሁሉ ቀብር ማን ይችለዋል? ዋንጫውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ብርዙን ደፍተው ውሃ ሞልተውበት ተመለሱ።

«ይኼንንስ? በሞቴ!»

ጥሩነሽ ጨለጠችው። እትዬ ደብሬም ለጊዜው ከሞት ተረፉ።