እንግዳ የማይገባባት ተሳቢ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ቤት ያለው ሰው ውጭ የሚያድረው ለምንድን ነው? እኛ አገር መልሱ የታወቀ ነው። ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል፣ ወይ በሬ ጠፍቶበታል፣ ወይ የተሳፈረበት አውቶቡስ ሊማሊሞ ላይ ተበላሽቷል። አቅዶ፣ ስንቅ ቋጥሮ፣ ደስ ብሎት ሜዳ ላይ ሊያድር የሚሄድ ሰው ካያችሁ ፈረንጅ ነው። ፈረንጅ ካልሆነ ደግሞ ዘመዶቹ ተሰብስበው ጠበል ስለሚወስዱት ይመካከራሉ። እኔ ደባርቅ ተወልጄ፣ ደባርቅ አግብቼ፣ ደባርቅ ፊዚክስ ሳስተምር ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝና ይህን አላውቅም ነበር ልል አልችልም። አውቃለሁ። አውቄ ነው የገባሁበት።

ነገሩ የመጣው ከቤታችን ነው። ቤታችን አስፋልቱ ዳር፣ ከመናኸሪያው ጥቂት እልፍ ብሎ ይገኛል። የባለቤቴ የእናኑ ዘመዶች ዳባት ናቸው፤ የኔዎቹ ከሊማሊሞ ማዶ፣ አዲአርቃይ። የዳባቱ ለፍርድ ቤት ይመጣል፣ የአዲአርቃዩ ለሐኪም ይመጣል፤ ሁሉም ታዲያ እኛ ቤት ያድራል። አንዳንዱማ ዘመድ እንኳ አይደለም፣ የዘመድ ጎረቤት ነው። እናኑ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሁሉም ኋላ ተኝታ ከሁሉም በፊት ትነሣለች። አንድ ቀን አጉረምርማ አታውቅም። እኔ ግን አጉረመርማለሁ፤ በጓዳ፣ በሹክሹክታ፣ እንግዳው እንዳይሰማኝ ተጠንቅቄ።

ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ባለፈ ሰሞን፣ እናኑ የመጨረሻውን እንግዳ ሸኝታ ተመለሰችና ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «አንድ ሌሊት» አለችኝ። «ለማንም የማልነሣበት አንድ ሌሊት ብቻ ብታገኝልኝ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ደነገጥሁ፤ አፈርሁም።

ሆቴል እንዳትሉኝ። ደባርቅ ሆቴል ብናድር በማግስቱ ከተማው ሁሉ ሽማግሌ ይልክብናል። ጎንደር እንዳንሄድ እህቷ አለች፤ እህት እያለች ሆቴል ማደር ደግሞ እስከ ልጅ ልጅ የሚተላለፍ ቂም ነው። ድንኳንም አይሆንም፤ የእናኑ ወገብ አንዴ መሬት ላይ ከተኛ ሳምንት ሙሉ አይቀናም።

ይህን ሳወጣና ሳወርድ ነው ነዳጅ ማደያው ጋ ያቺን ነገር ያየኋት። ሁለት ሸምገል ያሉ ፈረንጆች ከመኪናቸው ኋላ ትንሽ ነጭ ተሳቢ አስከትለዋል። ባልየው በሯን ከፈተ፤ አልጋ። የኋላ ክዳኗን አነሣ፤ ምድጃ። ሴትዮዋ እዚያው ቁጭ ብላ ሻይዋን ጠጣች። ሰዉ ከቦ ያያታል እንጂ አንድም ሰው «እባክሽ እዚህ ልደር» አላላትም። ቀናሁ። ባልየው ተሳቢዋን በአንድ እጁ አንሥቶ መኪናው ጋንቾ ላይ ሲሰካት ደግሞ ምሥጢሩ ገባኝ፤ ቅለቷ ነው። ወንድሜ አዲስ ሲገዛ እኔ ላይ ያራገፋት አሮጌ መኪና እንኳ ይህችን የመሰለች ትጎትታለች።

ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ንድፍ ሠራሁ። ስስ ቱቦላሬ፣ ስስ ችፑድ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ፍራሿ ስፖንጅ። እያንዳንዷን ኪሎ ደመርሁ። ከዚያ ንድፌን ይዤ አብሮ አደጌ አዛናው ዘንድ ሄድሁ። አዛናው በያጅ ነው፤ ደባርቅ ውስጥ ያለው የግቢ በር አብዛኛው የሱ እጅ ነው። ግንቡ ፈርሶ በሩ ብቻውን ቆሞ የቀረበት ግቢ አውቃለሁ። ያኔ ይህን ማሰብ ነበረብኝ።

«ይኸ ቀጭን ነው» አለኝ ንድፉን አይቶ።

«እንዲቀጥን ነው የፈለግሁት።»

«መምህር፣ ነገ መንገድ ላይ ቢበታተን አንተን የሚሰድብህ የለም። ‹ማን በየደው?› ነው የሚባል።»

ግማሽ ሰዓት አስረዳሁት። ስለ ክብደት፣ ስለ ዳገት፣ ስለ መኪናዬ አቅም። ራሱን ሲነቀንቅ የገባው መስሎኝ ሄድሁ። በሳምንቱ ስመለስ ከሥር ያለው ብረት የጭነት መኪና የሚሸከም ሆኗል። «ጭማሪው ከኔ ነው፤ ስጦታ ነው» አለኝ። ስጦታ እንዴት ብሎ ይመለሳል? በሚቀጥለው ወር ችፑዱ ተነሥቶ ላሜራ ተተካ፤ ምክንያቱም ጅብ። በሚቀጥለው ደግሞ ሸራው ቆርቆሮ ሆኖ፣ በሩ ከውስጥ ሁለት መቀርቀሪያ ወጣለት፤ ምክንያቱም ሌባ። በመሐሉ ከዳባት የመጡት የእናኑ አጎት ዙሪያዋን ዞረው አዩና፣ «ስንት ሰው ታስተኛለች?» አሉኝ። ሁለት አልኋቸው። «ጠጋ ጠጋ ከተባለ አራት» ብለው ረክተው ሄዱ።

በመጨረሻ አዛናው ላይ ጮህሁበት። የተማርሁትን ፊዚክስ ሁሉ በጩኸት አወረድሁበት። ሰማኝና የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «የምትተኛበት እናኑ ናት አይደል?» አለኝ። «እኔ ቤት ሳይኖረኝ እሷ ቤት ስንት ጊዜ በልቼ አድሬያለሁ። እሷን ወረቀት ውስጥ አላስተኛም።» ምን ትመልሱለታላችሁ? አራት ወር የፈጀችው ቀላል ተሳቢ ከአዛናው ግቢ የወጣችው ስድስት ጎልማሶች ገፍተዋት ነው።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ለማንም ሳንናገር ፓርኩ ውስጥ ፈረንጆች ድንኳን ወደሚተክሉበት ወደ ሳንቃ በር ተነሣን። ለማንም ሳንናገር ማለቴ እኛ አልተናገርንም ለማለት ነው፤ ከተማውማ መንገድ ዳር ቆሞ ሸኝቶናል። መኪናዋ ጠጠር መንገዱን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ያዘችው። እናኑ አጠገቤ ፈገግ ትላለች። ፓርኩ በር ሳንደርስ፣ አንዱ ዳገት ወገብ ላይ፣ ፍሪሲዮኑ ሸተተ፤ መኪናዋ ቆመች፤ ከዚያም ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ፍሬኑን ይዤ፣ እናኑ ወርዳ ጎማው ሥር ድንጋይ ካደረገች በኋላ ነው ነፍሴ የተመለሰችው። እንደ ምንም ብዬ መንገዱ ዳር ወዳለ ሜዳ አስገባኋት።

«እዚህም እኮ ያምራል» አለች እናኑ። ያምራልም። ማዶ ገደሉ፣ ወዲህ የገብስ ማሳ፣ ሰው የሚባል የለም። የተሳቢዋን በር ከፍታ ፍራሹ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች። ለአምስት ደቂቃ ያህል ደስተኛ ሰው ነበርሁ።

በስድስተኛው ደቂቃ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ከማሳው በኩል ብቅ አሉ። ስማቸው አያ ደምሴ ነው፤ ቤታቸው ከኛ በላይ ድምፅ የሚደርስበት ቦታ ነበር፤ እኛ ልብ አላልነውም።

«ደኅና ዋላችሁ? ምን ገጠማችሁ?»

«ምንም አልገጠመንም አያ፤ እዚሁ ልናድር ነው።»

ፊታቸው ጠቆረ። «እኔ ምን በደልኋችሁ?» አሉ።

ተሳቢዋን አሳየኋቸው። ፍራሹን ጫን ጫን አድርገው ሞከሩት። «አልጋ ነው፤ ጥሩ አልጋ ነው። ቤት ግን አይደለም። ጭሴ እየታያችሁ ሜዳ ልታድሩ? ነገ እሑድ ነው፤ ቤተ ስኪያን ስሄድ ሰዉ ምን ይለኛል? ‹እንግዳ ደምሴ ደጅ እንደ ከብት አደረ› ነው የሚል።» ፈልገን የመጣን መሆኑን፣ ብቻችንን መሆን መመኘታችንን፣ ማንም እንዳልበደለን አስረዳሁ። እስክጨርስ ጠበቁኝና አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እንግዲያ እኔም እዚሁ አድራለሁ» አሉ። ነፋሱ በርትቷል፤ ሰውዬው እንደሆነ ይስላሉ።

ዘወር ስል እናኑ ጫማዋን እያጠለቀች ነው። ያኔ ማልቀስ ነበር ያማረኝ። አራት ወር ለፍቼ ያገኘሁላት ሌሊት አምስት ደቂቃ መሆኑ ነው። «ተነሥ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እኒህን አባት ብርድ ላይ አናሳድራቸውም።»

ቤት ስንደርስ እናኑ ልማዷ ነውና የአያ ደምሴን ሚስት፣ እማማ ጌጤን፣ ልታግዝ ብድግ አለች። እማማ ጌጤ ትከሻዋን ይዘው መልሰው አስቀመጧት። «ቁጭ በይ! እኔ ቤት ምን አገባሽ?» ውኃ አሙቀው እግሯን አጠቧት። አጉርሰዋት፣ እንደገና አጉርሰዋት፣ በቤቱ ያለውን አንድ አልጋ አነጠፉልን። «እናንተስ?» አልሁ። «እኛማ እናንተ ቤት ነና!» አሉ አያ ደምሴ፣ መልሴን ሳይጠብቁ። ባልና ሚስት ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። ሁለቱ መቀርቀሪያዎች ተራ በተራ ቀጭ፣ ቀጭ ሲሉ ከአልጋው ላይ ሆኜ ሰማሁ።

እኔን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቁንጫውም አለ፤ ዋናው ግን ንዴቱ ነው። እናኑ ግን ራሷን ትራሱ ላይ እንዳሳረፈች ነው እንቅልፍ የወሰዳት። ሲነጋ ጥጃ ጮኸ፤ አልነቃችም። ፀሐይ በበሩ ገብታ አልጋው ድረስ ደረሰች፤ አልነቃችም። እኔ ማንም እንዳይቀሰቅሳት በሩ ላይ ተቀምጬ ዶሮ ሳባርር አረፈድሁ። አያ ደምሴ ገና ጎሕ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ተሳቢዋ ግን እንደ ተዘጋች ናት። እማማ ጌጤ የወጡት ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ነው፤ የሰው ዕቃ የሰረቁ ያህል እያፈሩ።

«ልጄ፣ ምን አድርጋችሁኝ ነው? ካገባሁ ወዲህ ፀሐይ ቀድማኝ አታውቅም። ዶሮ አልሰማሁ፣ ጥጃ አልሰማሁ፣ የሚጠራኝ አልሰማሁ!»

እናኑ ድምፁን ሰምታ ወጣች፤ ጉንጯ ላይ የትራሱ እጥፋት ታትሟል። ሁለቱ ሴቶች አንዳቸው የሌላቸውን ፊት አይተው ሳቁ። ካገባኋት ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ ያየሁባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ተሳቢዋ እዚህ ትቅር» አለች።

«እንዴት ትቅር? አራት ወር እኮ...»

«እሳቸው ተሳቢዋ ውስጥ ይተኛሉ፤ እኔ እዚህ መጥቼ እተኛለሁ። አንተ መንዳት ብቻ ነው።»

ፊቷን አየሁ። ጋንቾውን ፈታሁ። መኪናዋ ስትመለስ ያን ሁሉ መንገድ እየፈነጠዘች ነው የወረደችው።

አሁን በወር አንድ ቅዳሜ እንሄዳለን። እናኑ ትተኛለች፣ እማማ ጌጤ ይተኛሉ፤ እኔና አያ ደምሴ ዶሮ እናባርራለን። ባለፈው ጊዜ ግን ሌሊቱን ቁንጫው ሲጫወትብኝ አድሮ ነበርና፣ ረፋዱ ላይ የሠራኋትን ተሳቢ ለአንዲት ሰዓት ልተኛባት ብዬ ሄድሁ። በሩን ስገፋው ተቀርቅሯል። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አሉ እማማ ጌጤ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ መምህሩ።»



«ልጄ፣ ቤት ግባ» አሉኝ፣ በሩን ሳይከፍቱ። «እንግዳ ውጭ አይቆምም።»