የአዴ ጫልቱ ወንበሮች

ሰው ሀብቱን ከግብር ሰብሳቢ፣ ድህነቱን ደግሞ ከጎረቤት ይደብቃል። በሁለቱም የተካንን ነን። መንግሥት ታዲያ አንድ ቀን ብድግ ብሎ «ድሃ የሆናችሁ ተመዝገቡ፣ ሕክምናችሁን እኔ እችላለሁ» ሲል ምን ዓይነት ጣጣ እንደሚመጣ ገምቱ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ከሐሳቡ ጋር ጠብ የለኝም። ችግሩ፣ «ሰው ቤት ስትሄድ ጠግቤያለሁ በል» እየተባልን ያደግን ሰዎች፣ በስተርጅና ቸግሮናል ብላችሁ መስክሩ መባላችን ነው።

የጤና መድን አምቦ የገባ ሰሞን፣ መዋጮውን መክፈል የማይችሉትን ቤት ለቤት እየዞረ የሚለይ ኮሚቴ በቀበሌያችን ተቋቋመ። እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ። ለምን? የእጅ ጽሑፌ ያምራላ። ዕድሜውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጨረሰ ጡረተኛ መምህር ሌላ ምን አለው? ሰብሳቢያችን ከጎጆ ከተማ ተዛውሮ የመጣ ትሑት ወጣት ነው፤ ሦስተኛዋ አባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች።

ከምንጎበኛቸው አንዷ ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ ነበሩ። እኔ ሳስተምርበት የኖርኩትን ትምህርት ቤት ክፍሎች ዕድሜ ልካቸውን የጠረጉ ሴት ናቸው። እኔ ቋሚ ነበርኩ፣ እሳቸው የቀን ሠራተኛ። ስለዚህ እኔ ስወጣ ጡረታ ተከተለኝ፤ እሳቸውን የወገብ ሕመም። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። ሐኪም ደግሞ «የዓይን ግፊት አለብዎት፣ ጠብታው ከተቋረጠ ብርሃንዎ ይሄዳል» ብሏቸዋል። ጠብታው አቅም ይጠይቃል፤ የነጻ ሕክምናው ደብተር ካልደረሰላቸው ሌላ ተስፋ አልነበራቸውም።

በጉብኝቱ ዕለት ጠዋት በሬን አንኳኩ።

«መምህር፣ እንግዳ ይመጣብኛል። ሁለቱን ወንበሮችህን አውሰኝ።»

እንግዳው እኔ ራሴ መሆኔን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ታዲያ እንግዳ መሬት ላይ ተቀመጥ ይባላል? ከልጄ ሠርግ የተረፉትን ባለ መደገፊያ ወንበሮች ተሸክሜ አደረስኩላቸው። በዚህች አገር ከእኔ የባሰ የዋህ ካለ አሳዩኝ።

ከሰዓት በኋላ ስንደርስ ቤቱን አላወቅኩትም። መጋረጃው የአንዷ ጎረቤት፣ ምንጣፉ የሌላዋ፣ ብርጭቆው የሦስተኛዋ ነው። ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ ቀረበልን። ሰብሳቢው በእኔ ወንበር ላይ ተደላድሎ ጎረሰና ቅጹን ማስሞላት ጀመረ። አይፈረድበትም፤ የቤት ዕቃ የሚል ረድፍ አለው፣ የሚያየውን ያስሞላል።

«አዴ፣ እነዚህ ወንበሮች የእርስዎ ናቸው?»

አዴ ጫልቱ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ «ታዲያ የማን ሊሆኑ?» አሉ። ምን ችግር እንዳለባቸው ሲጠይቃቸውም «ገለትኒ ከን ዋቃዮቲ። ምስጋና ለፈጣሪ ነው፣ ምንም አልጎደለብኝ» ብለው ጨጨብሳውን ወደሱ ገፋ አደረጉለት።

እዚህ ላይ «የእኔ ናቸው» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል። ግን በገዛ ቤታቸው፣ በእንግዶቻቸው ፊት ማዋረድ መሰለኝና ይሉኝታ ያዘኝ። አቀርቅሬ፣ በዚያ በሚያምረው ጽሑፌ «ወንበር፦ ሁለት» ብዬ ጻፍኩ። በኋላ ሰብሳቢውን ለብቻው እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። በኋላ ሌላ ቤት ገባን፣ ከዚያም ሌላ ቤት፤ ቀኑም ሄደ፣ ሳምንቱም ሄደ። ስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ የአዴ ጫልቱ ስም የለም። ያን ጊዜ ሮጬ ብናገር፣ ዝርዝሩ ስለጸደቀ በሚቀጥለው ዓመት ይታያል አሉኝ።

ወንበሮቹን ወልውለው መለሱልኝ። አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ እንዴት በተሻለኝ። አልፎ አልፎ ጠብታ እየገዛሁ እወስድላቸው ነበር፤ ዓይን ግን አልፎ አልፎ አይታከምም። ዓመቱ ሳይሞላ በሬን ማንኳኳት ትተው በግድግዳው በኩል ይጠሩኝ ጀመር። መንገዱ አልታይ ብሏቸው ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በዓመቱ ስማቸውን ከሁሉ በላይ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። የኮሚቴውን መምጣት ስነግራቸው «ወንበሮቹን እንዳትረሳ» አሉኝ። «አልረሳም» አልኳቸው። አልረሳሁም፤ ሆን ብዬ ተውኩት። ለጎረቤቶቹም ምንም እንዳያውሱ ነገርኳቸው።

ገባን። አልጋቸው ጫፍ ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። ከአልጋዋ በቀር መቀመጫ የለም። ሰብሳቢው ቆሞ ጠየቀ፣ እኔ ቆሜ ጻፍኩ። አዴ ጫልቱ ጥቂት መለሱና ጆሯቸውን ወደ እኛ ዘንበል አደረጉ።

«መምህር፣ ድምፃችሁ ከላይ ከላይ ይመጣብኛል። አልተቀመጣችሁም እንዴ?»

«ተቀምጠናል፣ አዴ» አልኳቸው።

ሰብሳቢው አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ባዶው ወለል ላይ ቁጢጥ አለና የቀረውን ጥያቄ ከዚያው ሆኖ ጠየቃቸው። እኔም አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። የአዴ ጫልቱ ፊት ፈካ። «እንደሱ ነው እንጂ» አሉ።

ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ «ወንበር፦ የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከሱ በታች «ዓይን፦ አያዩም»። ጽሑፌ እንደሆነ አሁንም ያምራል።