ለዝናብ የፈረሰው ተራራ

እግዜር ዓለምን ሲፈጥር አስተያየት የሚሰጠው ሰው አልነበረም። ሰውን የፈጠረው መጨረሻ ላይ ነዋ። ይህ ጥበብ የገባኝ እኔም በአቅሜ አንድ ዓለም ልሥራ ብዬ ከተነሳሁ በኋላ ነው። አይሳቁብኝ። ጎንደር አራዳ፣ ከጫማ ቤት በላይ በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ ሆኖም ዓለም መሥራት ይቻላል፤ መብራት ካልጠፋ።

ሥራዬ ጂኦግራፊ ማስተማር ነው፤ አመሌ ደግሞ ልብወለድ መጻፍ። ጠንቋይም ዘንዶም ያለበት፣ አየሩ ግን የማይዋሽ ልብወለድ። ዘንዶው እሳት ቢተፋ አንባቢ ይቅር ይለኛል፤ ዝናብ ያለ ነፋስ ባመጣ ግን ተማሪዎቼን በምን ዓይኔ አያለሁ? ስለዚህ ይህችኑ የኛን ምድር ወስጄ አንድ ነገር ብቻ ልለውጥ፣ የቀረው በሕጉ ራሱ ይለወጥ አልሁ። ምኑን እንደለወጥሁ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም፤ ሰው የሚነካካው የሚያመውን ቦታ ነው።

የተወለድሁት ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ወዲያ፣ ከተራራው ጀርባ ነው። የክረምቱ ደመና ተራራውን ሲወጣ ሸክሙን እዚያው ማዶ ያራግፍና እኛ ዘንድ ባዶ እጁን ይደርሳል። ዝናቡ ደጋግሞ ሲከዳን አባየን ጎንደር አመጣኋቸው። አሁን መስኮት ዳር ተቀምጠው የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማሉ። ለምጃለሁ ይላሉ። አለመልመዳቸውን የማውቀው እኔም ይኸው ስንት ዘመን ስላልለመድሁ ነው፤ ያ ደረቅ ሸለቆ ይናፍቀኛል።

እናም ተራራውን አፈረስሁት። በላጲስ፣ ለልብወለዱ ከሣልሁት ካርታ ላይ። ተራራው ዝቅ ሲል ደመናው ከነሸክሙ ያልፋል፤ ሸለቋችን ይጠግባል፤ ማዶ ያሉት ደግሞ ትንሽ ይደርቃሉ፤ ያው ሁለት ወዶ አይሆንም። ካርታውን ቀለም ቀብቼ ለአባየ አሳየኋቸውና አረንጓዴው የኛ እርሻ መሆኑን ነገርኋቸው። ፊታቸው በራ። ወዲያው ግን ርስት መጠየቅ ጀመሩ።

“ይህን አገር ያቀናህ አንተ ነህ። አንተን የወለድሁ እኔ ነኝ። ታዲያ ድርሻየ የታል?”

የኛ አገር ሰው በእናቱም በአባቱም ቆጥሮ ርስት ሲጠይቅ ኖሯል፤ ከልጁ ጀምሮ ሽቅብ የቆጠረ ግን ከአባየ በፊት ያለ አይመስለኝም። ወንዝ ዳር ሰጠኋቸው። ቀጥለው ከጎናቸው ለአያ ታደለ እንድሰጥ ጠየቁ።

አያ ታደለ የአባየ የልጅነት ጓደኛ፣ ማረሻቸውን የሚሠሩላቸው ቤተ እስራኤል ቀጥቃጭ ነበሩ። አገሬው በማረሻቸው ሲያርስ ለእሳቸው ግን ርስት ነፍጓቸው ነበር። አንድ ቀን ቤተሰባቸውን ይዘው በእግር ወጡ፤ እስራኤል ገቡ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ጠፋ። አባየ ግን ስማቸውን ባነሱ ቁጥር እንደ ነገ እንግዳ “ታደለ ሲመጣ” ይላሉ።

መሬታቸውን ከአባየ አጠገብ አሰመርሁ። አባየ በጣታቸው ድንበሩን ሲከተሉ ቆዩና ድንገት ቆሙ።

“ተራራውን ምነው አጠፋኸው?”

ስለ ደመናውና ስለ ነፋሱ፣ ለተማሪ እንደማስረዳው አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

“መልሰው።”

“አባየ፣ ከመለስሁት ዝናቡ ይቀራል። እርሻዎም ይደርቃል።”

“ይድረቅ። ታደለ ሲሄድ ያንን ተራራ ዞሮ ዞሮ እያየ ነው የሄደ። ሲመጣ አገሩን በምን ያውቀዋል?”

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ። እኔም ዝናብ አመጣሁ ብዬ የሁለት ሽማግሌዎችን ምልክት አጥቤ ኖሯል። እርሳሴን አንስቼ ተራራውን ከነጫፉ መለስሁት። ደመናው እንደ ልማዱ ማዶ ተራገፈ፤ ወንዙ ቀጠነ፤ አረንጓዴውን በቡናማ ደረብሁበት። ያን ያህል የደከምሁበት አዲስ ዓለም ቁርጥ ይህንኑ አሮጌውን መሰለ፤ ልብወለዱም እዚያው ቀረ።

ካርታው አሁን ከአባየ አልጋ በላይ ተሰቅሏል። እንግዳ መጥቶ ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው “አገሬ ነው” ይላሉ፤ እኔም አላርማቸውም። ከዚህኛው አገራችን የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያኛው አያ ታደለ ርስት አላቸው።