አፍንጫ ይዞ መቅመስ

[ኩዋላ ላምፑር፣ ከሰዓት በኋላ። የአንድ አሮጌ ሆቴል መጠጥ ቤት ገና አልተከፈተም። ዋናው መጠጥ ቀማሚ ሲልቬስተር ጉንፋን ይዞት ከባንኮኒው ጀርባ ቆሟል። እናቱ መራራ የዕፅዋት ሻይ የምትሸጠው ረዳቱ አህ ኬንግ ፔርሙሱን አጠገቡ አስቀምጦ ብርጭቆ ይወለውላል።]

ሲልቬስተር፦ ያለ መራራው አይሆንም አልኩህ!

አህ ኬንግ፦ ታዲያ ማን ታመመና ነው አለቃ?

ሲልቬስተር፦ ማንም አልታመመም።

አህ ኬንግ፦ እናቴ ጋ መራራ የሚጠጣ ሰው ወይ ትኩሳት አለበት፣ ወይ ማታ ዱሪያን የሚሉትን ፍሬ አብዝቶ ሆዱ ግሏል። ጤነኛ ሰው ከፍሎ መራራ ሲጠጣ አላየሁም።

ሲልቬስተር፦ ይሄ የእናትህ ሻይ አይደለም፣ «የጫካ ወፍ» የሚባለው ኮክቴል ነው። ሩም፣ የአናናስ ጭማቂ፣ ሎሚ፣ ስኳር። ቀዩ መራራ መጠጥ ካልገባበት ምን ይሆናል? የልጆች ልደት ይሆናል።

አህ ኬንግ፦ ልደት ላይ የሚከፋው ሰው የለም እኮ።

ሲልቬስተር፦ ስማ። የሆቴሉ ባለቤት ማዳም ዮንግ አሁን መጥተው ይቀምሳሉ። ካልጣማቸው መጠጥ ቤቱን ዘግተው ኬክ ቤት ሊያደርጉት ነው። አንተ ኬክ ትችላለህ?

አህ ኬንግ፦ መብላቱን።

ሲልቬስተር፦ እንግዲያው ይቺን ቅመስ።

አህ ኬንግ፦ እርስዎስ?

ሲልቬስተር፦ [በመሃረብ እየተናፈጠ] አዋቂ የራሱን ሥራ አይቀምስም። በዓይኑ ያውቀዋል።

[ዞር ብሎ ያስነጥሳል። ሲመለስ ብርጭቆው ባዶ ነው፤ አህ ኬንግ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ይዞ ቀጥ ብሎ ቆሟል።]

ሲልቬስተር፦ እና?

አህ ኬንግ፦ እና ምን?

ሲልቬስተር፦ ጣዕሙ ነዋ!

አህ ኬንግ፦ አፍንጫዬን ይዤ ምን ጣዕም አውቃለሁ? መራራ እንዲህ ነው የሚጠጣው፤ ቆሞ፣ አፍንጫ ይዞ፣ ባንዴ። ከዚያ አፍ ማጣፈጫ የደረቀ የፕለም ፍሬ ይሰጣል። አለዎት?

ሲልቬስተር፦ የለኝም! መራራው አንሷል ማለት ነው። [ይጨምራል] እንካ፣ አሁን እጅህን አውርድ።

[አህ ኬንግ እጁን ያወርዳል፤ ብርጭቆው ከንፈሩ ጋ ሲደርስ ግን ተመልሶ አፍንጫውን ይይዝና ይጨልጠዋል።]

አህ ኬንግ፦ ይቅርታ አለቃ፣ እጄ ለምዶ ነው።

ሲልቬስተር፦ ፊትህ አልተኮማተረም። ሎሚ ይጎድለዋል።

አህ ኬንግ፦ ይጎድለው ይሆናል። እስቲ ሌላ ያምጡ።

[ሲልቬስተር ይቀምማል፣ ያስነጥሳል፣ ይጨምራል። አህ ኬንግ ይጨልጣል። ጉንጩ ቀልቷል፣ ያዜማል። የሩሙ ጠርሙስ ባዶ ሆኗል።]

ሲልቬስተር፦ የመጨረሻው ነው። እለምንሃለሁ፣ አፍንጫህን ሳትይዝ!

አህ ኬንግ፦ [እጁን ወደ ኋላ አድርጎ አንዴ ይጎነጫል፤ ፊቱ ይጨማደዳል] አለቃ፣ ይሄ የእናቴን ሻይ ያስመሰግናል።

[ከውጭ የተረከዝ ጫማ ድምፅ ይሰማል።]

ሲልቬስተር፦ [በርጩማው ላይ ዘፍ ብሎ] አለቀልኝ። እውነቱን ልንገርህ፤ አፍንጫዬ ከተደፈነ ወዲህ ስኳሩን ከሎሚው አልለይም። ዕድሜዬን የፈጀሁበት ባንኮኒ ላይ ኬክ ሊደረደርበት ነው።

አህ ኬንግ፦ ቆይ፣ ቆይ። [ፔርሙሱን ከፍቶ የወፍ ቅርጽ ባለው የሸክላ ጽዋ፣ በበረዶ ላይ ይቀዳል]

ሲልቬስተር፦ የእናትህን ሻይ ልታጠጣቸው ነው?

አህ ኬንግ፦ ሻዩ ጠዋት አልቋል፤ ይቺ የመጀመሪያዋ መጠጥ ነች። ሲያስነጥሱ አንዴ ቀምሼ ልክ ሆና አገኘኋት፤ የተረፈውን ለእናቴ ብዬ እዚህ ከተትኩት።

ሲልቬስተር፦ ልክ ነበረች? ታዲያ ለምን ዝም አልክ?

አህ ኬንግ፦ ልክ ነች ብልዎ ሁለተኛ ይቀዱልኝ ነበር?

[ጽዋውን ይዞ ይወጣል። አህ ኬንግ እየሳቀ ይመለሳል።]

ሲልቬስተር፦ ምን አሉ?

አህ ኬንግ፦ ኬኩ ይቅር አሉ።

ሲልቬስተር፦ ተመስገን!

አህ ኬንግ፦ አንድ ድገሙኝም ብለዋል።

ሲልቬስተር፦ በምኑ? ጠብታ ሩም የለም እኮ!

አህ ኬንግ፦ ያቺ የመጨረሻዋ አለች አይደል? እርስዎ ይቅዱ፤ አፍንጫቸውን እኔ እይዝላቸዋለሁ።