መሪው የሚታገልበት አገር

ትናንት ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ፣ ሽመክት በመንጃ ፈቃድ መፈተኛው ሜዳ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሕልም አየ። በቀን የታየ ሕልም አይቆጠርም የምትሉ ካላችሁ ተዉት። እኔ እንደነገረኝ ልንገራችሁ፤ ሰውዬው ሲያወራ ቢጨምር እንጂ አንዲት ነገር አይቀንስም።

ሽመክት ማለት ያ ከመናኸሪያው ጀርባ ጌም ቤት የከፈተው ነው። ራሊ በሚሉት የመኪና ውድድር ጌም በከተማችን የሚስተካከለው የለም። ለጌሙ የመኪና መሪ አስመጥቷል፤ ታዲያ ተራ መሪ እንዳይመስላችሁ። ፎርስ ፊድባክ የሚሉት ነገር አለው፦ ጠጠር ላይ ስትገቡ እጃችሁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ጎማው ሲንሸራተት ይቀልላል፣ ጉድጓድ ሲመታ ክንድ ሊነቅል ይደርሳል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ሳይቀሩ መጥተው ይሞክሩትና ይሄማ የእውነት ነው እያሉ፣ ላባቸውን እየጠረጉ ይወጣሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሰውየው መንጃ ፈቃድ የለውም። ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ሦስት ጊዜ ወድቋል። መጀመሪያ በተተከሉት እንጨቶች መካከል አቁም ሲሉት እንደ ጌሙ የእጅ ፍሬኑን ስቦ መኪናዋን ባንዴ አሽከረከራት። ሁለተኛው ላይ ኩርባው ገና ሳይደርስ መሪውን ወደ ተቃራኒው ጠመዘዘው። ሦስተኛውማ ያሳፍራል፤ ፈታኙ ሂድ ቢለው፣ «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» የሚልለት ሰው እየጠበቀ ቁጭ አለ።

የሚስቱ አባት አቶ ወንድይራድ የሰጡት ፒክአፕ ግቢው ውስጥ ከቆመ ሁለት ዓመት ሆነው። ሽማግሌው ባለፈው እሑድ ቆርጠው ተናገሩ፦ በዚህ ፈተና ከወደቀ ቁልፉን ተቀብለው ለታናሽ ልጃቸው ባል ይሰጡታል። ያ ሰው ደግሞ መንጃ ፈቃድ አለው፤ ወሬውም ስለ መንጃ ፈቃዱ ብቻ ነው። ለሽመክት ከዚህ የባሰ አይመጣም። ሽመክት በጭንቀት እንቅልፍ ባይኑ ሳይዞር አደረ። ጎረቤቱ ጋሽ ጉልላት፣ ሠላሳ ዓመት የታክሲ ረዳት የነበሩት፣ አይዞህ ብለው አብረውት መጡ። ፀሐዩ ሞቅ ሲል ትከሻቸው ላይ ተኝቶ ቀረ።

በሕልሙ ሰልፍ የያዙት ፈታኞቹ ነበሩ። ከፊት የቆሙት አቶ ደምመላሽ ናቸው፣ ሦስት ጊዜ የጣሉት እኒያው ሰው፤ ጥፍራቸውን ይበላሉ። ፈታኟ አንዲት ሰማያዊ ትንሽ መኪና ናት። ስማቸውን ስትጠራ አቶ ደምመላሽ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው በአራት እግራቸው ተንበረከኩና በአፋቸው ሞተር እያስነሡ ወደ ኋላ ገቡ። በመቀመጫቸው አንዱን እንጨት ጣሉት።

«መስታወት አላየህም» አለች መኪናዋ። «ከወር በኋላ ና።»

አቶ ደምመላሽ እንባቸው መጣ። ሽመክት ሊያጽናናቸው ሲነሣ እሱኑ ጠራችው። መንጃ ፈቃዱ ተራራው ጫፍ ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል አለችው። አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ሻይ አለ፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ከደረሰ የእሱ ነው፣ ከቀዘቀዘ ለሚስቱ እኅት ባል ሁለተኛ መንጃ ፈቃድ ይሆናል።

ወደ መነሻው የሚወስደው መንገድ በገበያው መካከል ነበር። በዚያ ገበያ ሰው ሁሉ እንደ መኪና ክብደት አለው። የሚሮጥ ሰው ድንገት ሲቆም አፍንጫው መሬት ሊነካ ይደፋል፣ ወገቡ ከኋላ ይነሣል። ጥላ የያዙ ሴቶች ኩርባው ላይ በጎን እየተንሸራተቱ፣ ጥላቸውን ወደ ተቃራኒው እያዞሩ፣ አቧራውን እያስነሡ ያልፋሉ። አንድ ወፍራም ዳኛ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ካባው እንደተዘረጋ ድንች ክምር ውስጥ ተሰገሰገ። ማንም አልሳቀበትም፤ የጎማውን ንፋስ ቀንስ ብለው መከሩት።

ዕቃውም ሁሉ ይታገላል። የበር እጀታ ስትይዘው ይገፋሃል፣ ማንኪያው ቸኩለህ ስትጎርስ ይንቀጠቀጣል። ሽመክት እዚያው ገበያ ያገኛቸውን ጋሽ ጉልላትን ጨብጦ እንዴት ነዎት ቢላቸው ደህና ነኝ አሉት፤ እጃቸው ግን እንደ ጠጠር መንገድ ተንቀጠቀጠበት። ወገባቸውን ሲያማቸው እንደሰነበተ ያን ጊዜ አወቀ። ስንት ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ እያሉት አምኗቸው ኖሯል። በዚያ አገር በአፍ መዋሸት ይቻላል፣ በእጅ ግን አይቻልም። አቅፎ ያቺው ፈታኟ ሰማያዊ መኪና ውስጥ አስገባቸውና ከጀርባቸው ትራስ አደረገላቸው።

በራሊ ከሾፌሩ ጎን ሆኖ የሚመጣውን ኩርባ በቁጥር የሚያነበው መንገድ ጠቋሚ እሳቸው ሆኑ። ደብተር ገልጠው ያነባሉ፤ ድምፃቸው ግን ያው የታክሲው ነው። ግራ ሦስት፣ እየጠበበ ይሄዳል፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ቀኝ ሁለት፣ ጭቃ አለው፣ አንድ ሰው የቀረው። ሽመክት ስለ ቀረው ሰው ቢጠይቃቸው ልማድ ነው ብለው ቀጠሉ። ጠጠሩ ሲመጣ መሪው ተንጫጫ፣ ጭቃው ሲመጣ ከበደ፣ ጎማው ሊስት ሲል ቀድሞ ሹክ አለው። ሽመክት መሪውን አልታገለውም፤ የሚለውን እየሰማ መለሰለት። ኮረብታው ጫፍ ላይ አራቱም ጎማ መሬት ሲለቅ መሪው ባዶ ሰፌድ ሆኖ ቀለለ። ከታች ከተማው፣ ጌም ቤቱ፣ ግቢው ታየው። በዕድሜው እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም፤ እየሳቀ ነበር የወረደው።

መሬት እንደነኩ ከወደ ኋላ ድምፅ መጣ።

«ወራጅ አለ።»

ታክሲ ተሳፍሮ ያደገ ሰው ይህን ሰምቶ አላቆምም አይልም። ውድድሩንም ሻዩንም ረስቶ ዳር ይዞ ቆመ። ዞር ቢል ማንም የለም።

«እኔ ነኝ» አለች መኪናዋ። «እዚህ ጋ ዘመድ አለኝ።»

ወረደች። ግራና ቀኝ አይታ መንገዱን ተሻገረችና ሄደች። ሁለቱ ሰዎች አየር ላይ ተቀምጠው ቀሩ፣ ሽመክት መሪውን ብቻ እንደጨበጠ። ጋሽ ጉልላት ግን ቅንጣት አልደነገጡም፤ ሠላሳ ዓመት ወራጅ ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ደብተራቸውን ገለጡ።

«ሳበው» አሉት፤ በረዳት ቋንቋ ንዳ ማለት ነው።

ሳበው። ያለ መኪና፣ ያለ ጎማ፣ በመሪው ብቻ ሄዱ፤ መሪው አሁንም ድንጋዩን ድንጋይ፣ ውኃውን ውኃ እያለ ይነግረዋል። ተራራው ጫፍ ደረሱ። ሻዩ ይጤሳል። ሽመክት እጁን ዘርግቶ መንጃ ፈቃዱን ሲይዘው እሱም ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መጀመሪያ ጣቱን፣ ከዚያ ክንዱን፣ ከዚያ ትከሻውን ናጠው።

የሚንጡት ጋሽ ጉልላት ነበሩ። ተራህ ደርሷል፣ ፈታኙ ሁለት ጊዜ ጠርቶሃል አሉት።

አፉን ጠርጎ ሮጠ። አቶ ደምመላሽ ወረቀታቸውን ይዘው ከጎን ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው እንደ ልማዱ ጭፍግግ ብሏል። ሽመክት ሞተሩን አስነሣና መሪውን ጨበጠ። ምን እንደሚለው ጠበቀ። ምንም አላለውም። ግማሽ ዙር ወደ ግራ አዞረው፣ ዝም። ግማሽ ዙር ወደ ቀኝ፣ ዝም።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄ መሪ ሶኬቱ ተነቅሏል መሰለኝ።»

አቶ ደምመላሽ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ራሳቸው መሪውን ይዘው ሞከሩት። ወርደው እሱ ሲያዞር የፊቱን ጎማ ተመለከቱ፤ ጎማው ንቅንቅ አላለም። ተመልሰው ሲገቡ ላብ አጥምቋቸው ነበር። ከጠዋት ጀምሮ በዚህች መኪና ዐሥራ ሰባት ሰው እንደፈተኑና ስለ መሪው አንድም ሰው ትንፍሽ እንዳላለ ነገሩት። ስንቱ አለፈ ብሎ ጠየቃቸው። ዐሥራ አራቱ አሉት።

«ታዲያ እኔስ አለፍኩ?»

«አንተማ እንዴት ታልፋለህ? መሪዋ በተበላሸ መኪና ሰው መፈተን ክልክል ነው።»

«ወደቅኩ በሉኛ።»

«ሳትፈተን እንዴት ትወድቃለህ?»

ሽመክት ነገሩን ሁለት ጊዜ በልቡ አገላበጠው። ከዚያ ፊቱ በራ።

«እንግዲያውስ አለመውደቄን በደብዳቤ ይጻፉልኝ። ለአቶ ወንድይራድ ብለው፤ 'አልወደቀም' የምትለዋ ላይ ደግሞ ያስምሩባት።»