ላስቲክ የለበሰው ማሽን

[በአትላንቲክ ዳር ያለች ትንሽ የሞሮኮ ከተማ። የላላ ታሙ ቤት ጣራ፣ ማለዳ። ታሙ የእንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላ እያጠበች የምትኖር ባለቤቷ የሞተባት ሴት ናት። ጣራው ጥግ ላይ የአየር መመርመሪያ ማሽን በላስቲክ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። የማሽኑ ጠባቂ ሲ ቡሻይብ ነው (በአገሩ «ላላ» ወይዘሮ፣ «ሲ» አቶ ማለት ነው)፤ የቀድሞ የፖስታ ቤት ጸሐፊ፣ የታሙ እህት ባል። ከታች ባሕሩ ከድንጋዩ ግንብ ጋር ይጋጫል።]

ቡሻይብ፦ ይህን ቆርቆሮ ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንሺው ብዬሻለሁ።

ታሙ፦ ካነሳሁት የልብስ መቆንጠጫዎቼ የት ይቀመጡ?

ቡሻይብ፦ ኪስ የለሽም? ከማሽኑ ሁለት ክንድ ርቀት ድረስ ምንም ነገር እንዳይንጠለጠል አየሩን የምታጠናው ዶክተር ግዝላን በአፏ ተናግራለች። የሰማኋት እኔ ነኝ፤ አንቺ ሻይ ልታመጪ ወርደሽ ነበር።

ታሙ፦ ቆርቆሮው እኮ ሦስት ክንድ ይርቃል።

ቡሻይብ፦ በማን ክንድ?

ታሙ፦ በእኔ።

ቡሻይብ፦ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያውቀው የእኔን ክንድ ነው። የተሾምኩት እኔ ነኝ። ያለ እኔ ይህ ማሽን እዚህ ጣራ ላይ አንዲት ቀን አያድርም፤ ፈቃዱ ላይ ስሜ ተጽፏል።

[የላስቲኩን ቋጠሮ ፈትሾ በደንብ ያጠብቀዋል።]

ታሙ፦ ሲ ቡሻይብ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም። ይኼ ማሽን አየር ይስባል አይደል ያሉት?

ቡሻይብ፦ ይስባል። በሆዱ ውስጥ ክብ ነጭ ወረቀት አለ፤ አየሩ ሲያልፍ ቆሻሻው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ጠዋት ጠዋት ወረቀቱን አወጣለሁ፣ ቀኑን እጽፍበታለሁ፣ አዲስ አስገባለሁ። ዶክተሯ ሐሙስ ሐሙስ ከካዛብላንካ መጥታ ትወስዳለች።

ታሙ፦ ታዲያ በላስቲክ ውስጥ ሆኖ ከየት ይስባል?

ቡሻይብ፦ ባሕሩ ጸጥ ባለ ቀን እገልጥለታለሁ፤ ያን ጊዜ እንደ ልቡ ይስባል። እንደ ዛሬ ሲናወጥ ግን ጨው ይበርራል። ጨው ምን እንደሚያደርግ አታውቂም? የመስኮትሽን ብረት እዪው። እኔ ፍሪጄን በላስቲክ ከሸፈንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ አንዲት የዝገት ነጥብ የለበትም።

ታሙ፦ ይቀዘቅዛል?

ቡሻይብ፦ አልዛገም አልኩሽ እንጂ ይቀዘቅዛል አልኩሽ?

[ከደረት ኪሱ የወረቀት ጥቅል አውጥቶ አንድ በአንድ ይገልጣል።]

ቡሻይብ፦ እዪ። የስድስት ሳምንት ወረቀት። እንደ በረዶ ነጭ። ሁሉንም ለዶክተሯ አልሰጠኋትም፤ የተወሰነውን ለዛሬው ንግግሬ አስቀርቻለሁ። እኩለ ቀን ላይ ከንቲባው ግንቡ ላይ ያለውን ሰሌዳ ሲገልጡ እነዚህን ከፍ አድርጌ አሳያለሁ። ሰሌዳው ላይ «የአገሪቱ ንጹሕ አየር እዚህ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ታሙ፦ ወንበሮቹስ?

ቡሻይብ፦ አሥራ አምስት ወንበሮች ግንቡ ላይ በሲሚንቶ ተተክለዋል። ከሰኞ ጀምሮ የሰፈሩ ደረት የሚያማቸው አዛውንት ሁሉ በማዘጋጃ ቤቱ መኪና እየመጡ ይቀመጡበታል። በነፃ።

ታሙ፦ ከፍሳሹ ቱቦ አጠገብ።

ቡሻይብ፦ አረፋው የሚበዛው እዚያ ነዋ። አረፋ ባለበት አየር አለ። ለምሳሌ እህትሽን እዪያት።

[ወደ ግንቡ ይጠቁማል። በሩቅ፣ ከማዕበሉ አጠገብ፣ አንድ ሰው በጀለቢያ ተሸፋፍኖ ተቀምጧል።]

ቡሻይብ፦ ከሁለት ወር በፊት ዝሁር ሌሊቱን ሙሉ ስትስል እንደምታድር ረሳሽው? ትራስ ደራርቤላት ቁጭ ብላ ነበር የምትተኛው። ከዚያ ወንበር ተሸክሜ በየማለዳው እሷን እዚያ ማስቀመጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ባሰባት፤ ጤና ሲገባ እንዲህ ነው አልኳት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆናት፣ ሳሉ ጠፋ። ደግሞ አቀማመጧን እዪ፤ ድሮ ትቁነጠነጥ ነበር፣ አሁን ንቅንቅ አትልም።

ታሙ፦ እውነትም አትነቃነቅም።

ቡሻይብ፦ እጄን ሳወዛውዝላት እጇን አታወዛውዝም እንጂ ጀለቢያዋን ታወዛውዛለች።

ታሙ፦ [አንሶላ እየጨመቀች] አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ካጠፋሁ ይቅር ይበሉኝ። አንሶላ በሳሙና ሳሽ አረፋው ከንፈሬ አጠገብ ይፈነዳል። ምላሴን ሳወጣ ሳሙና ሳሙና ይለኛል። ሳሙናው ከገንዳው ተነሥቶ አፌ ድረስ እንዴት ወጣ?

ቡሻይብ፦ እያጠብሽ ስለምትለፈልፊ ነው።

ታሙ፦ አፌን ዘግቼም ሞክሬያለሁ። አፍንጫዬ ላይ ይመጣል።

ቡሻይብ፦ ታሙ፣ ቆሻሻ ከባድ ነው። ባሕር ውስጥ ሲገባ ይሰምጣል። ወደ ላይ የሚወጣው ቀላል ነገር ብቻ ነው፤ ጨውና ንጹሕ አየር። ይህን ለመረዳት ትምህርት ያስፈልጋል።

ታሙ፦ እኔ ደግሞ ቱቦው ባሕር ውስጥ የሚተፋው ውኃ ሳሙና አለበት፣ የመጸዳጃ ቤት ነገር አለበት፤ ማዕበሉ ሲመታው አረፋ ይሆናል፣ አረፋው ሲፈነዳ እንደ ገንዳዬ ወደ ፊት ይረጫል ብዬ አስቤ ነበር። ሞገድ በበዛበት ቀን ነጭ አንሶላ አላሰጣም፤ መልሶ ይሸተኛል።

ቡሻይብ፦ ይህን ሐሳብሽን ለሰው አትንገሪ።

ታሙ፦ ለእርስዎ ሦስት ጊዜ ነግሬዎት ነበር።

ቡሻይብ፦ ደህና አደረግሽ። ቤተሰብ ውስጥ ይቅር።

[ታሙ እጇን በመቀነቷ አድርቃ ከሻሿ ስር የታጠፈ ደብዳቤ ታወጣለች።]

ታሙ፦ ዶክተሯ ትናንት እርስዎ ስለ ንግግሩ ማዘጋጃ ቤት ሳሉ መጥታ ነበር። ይህን ትታ ሄደች። እኔ ፊደል ገና እየለመድኩ ነው፣ ስሟን አነበብኩና ደከመኝ። እባክዎ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።

ቡሻይብ፦ አምጪ። ይህን ነው ገና ከጠዋቱ ማለት የነበረብሽ። [ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ወረቀቱን ከዓይኑ ያርቃል።] «ለተከበሩ ሲ ቡሻይብ። ከእርስዎ ማሽን የወሰድኳቸውን ወረቀቶች መረመርኩ። ማዕበል በበዛባቸው ቀናት የወጡት በጣም ንጹሕ ናቸው።» ሰማሽ?

ታሙ፦ እየሰማሁ ነው።

ቡሻይብ፦ «እንዲያውም ለማነጻጸሪያ በታሸገ መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጥኩትና አየር ጨርሶ ካልነካው ወረቀት እኩል ናቸው።» እንግዲህ... «ይህ ሊሆን የሚችለው ወረቀቱ አየር ካላገኘ ብቻ ነው።» [ወረቀቱን ሊያጥፍ ይጀምራል።]

ታሙ፦ አለቀ?

ቡሻይብ፦ ጽሑፉ ደቃቅ ነው።

ታሙ፦ እኔ እስክማር ልንጠብቅ እንችላለን፤ አዛውንቱ ግን ሰኞ ይመጣሉ።

ቡሻይብ፦ [በዝግታ] «የላስቲኩን ነገር ከወር በፊት ሰምቻለሁ። እርስዎን ብከለክል ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃዱን እንዳይነሳኝ ፈራሁ። ስለዚህ ሌላ ትንሽ መሰብሰቢያ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቅለናል። ማዕበል በበዛባቸው ቀናት ያገኘሁት ከቱቦው የሚወጣውን ሳሙናና የአንጀት ተሕዋስያን ነው። ወደ ግንቡ በተጠጋን መጠን ይብሳል። ደረታቸው የሚያማቸው ሰዎች እዚያ እንዳይቀመጡ ለማዘጋጃ ቤቱ ጽፌያለሁ።» በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ?

ታሙ፦ ዛሬ አንሺው ሲሉኝ ያረፈዱበት ቆርቆሮ ነው። መቆንጠጫዎቹ ጌጥ ናቸው።

ቡሻይብ፦ ለማዘጋጃ ቤቱ ጽፋለች እኮ። እነሱ ያዩታል።

ታሙ፦ ደብዳቤው ማኅተም እስኪመታበት ስንት ቀን ነው? ፖስታ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠሩት እርስዎ ነዎት።

ቡሻይብ፦ [ያስባል] ከሚመጣው በዓል በኋላ። ለሰኞ አይደርስም።

[ድንገት ወደ ግንቡ ዞሮ ያያል። ፊቱ ይለወጣል። ትልቅ ማዕበል ተነሥቶ የተቀመጠውን ሰው በአረፋ ይሸፍነዋል፤ የተቀመጠው ግን አይነቃነቅም።]

ቡሻይብ፦ ዝሁር። እኔ ራሴ ነኝ እዚያ ያስቀመጥኳት። በእጄ ነው የሸፋፈንኳት። [ወደ ደረጃው ይሮጣል።]

ታሙ፦ ቀስ ይበሉ፣ ይወድቃሉ። እዚያ የለችም።

ቡሻይብ፦ ይኸው እያየኋት?

ታሙ፦ የሚያዩት የእንግዳ ማረፊያውን ብርድ ልብስ ነው። ሦስት ብርድ ልብስ አንድ ላይ ተጠቅልሎ፣ በእሷ ጀለቢያ ተሸፍኖ። እርስዎ አስቀምጠዋት ወደ ጣራዬ ሲወጡ እሷ ጥቅሉን ወንበሩ ላይ አድርጋ በኋለኛው መንገድ ወደ እኔ ቤት ትመጣለች። ሊመልሷት ሲመለሱ ቀድማዎት ትቀመጣለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለብርድ ልብስ የባሕር አየር ሲያስጠጡ ነበር።

[ቡሻይብ ከደረጃው ይመለሳል።]

ቡሻይብ፦ ለምን አልነገረችኝም?

ታሙ፦ ልነግረው ነው ስላት ከለከለችኝ። «በሌሊት ተነሥቶ፣ ወገቡ እያመመው፣ ወንበሩን ለእኔ ሲሸከም ፊቱ ይበራል፤ ይህን አትንኪበት» አለች።

ቡሻይብ፦ [ቁጭ ይላል] ሳሉስ? ሳሉ በእውነት ቀንሷል?

ታሙ፦ ከግንቡ ከራቀች ጀምሮ አልሳለችም። ብርድ ልብሶቹን ግን ሁለቴ አጥቤያቸውም ሽታው አልለቀቀም። አንዱን ዶክተሯ ይዛው ሄደች፤ ከማሽንዎ የተሻለ ሠርቷል አለች።

[ከታች ከቤቱ የዝሁር ድምፅ ይሰማል፤ የስንዴ ቂጣው ሳይቀዘቅዝ ውረዱ ትላለች። ቡሻይብ ብድግ ይላል። ነጫጭ ወረቀቶቹን ቀድዶ ኪሱ ይከታል። ማሽኑ የታሰረበትን ገመድ ፈትቶ ላስቲኩን ይገፍፋል፤ ማሽኑ አየር ይስባል። ላስቲኩን በጥንቃቄ አጥፎ በብብቱ ይይዛል።]

ታሙ፦ ምግቡ ቀርቧል፤ ወዴት ነው?

ቡሻይብ፦ ወደ ግንቡ። ከንቲባው ሳይመጡ።

ታሙ፦ ላስቲኩስ ምን ያደርግልዎታል?

ቡሻይብ፦ ሰሌዳውንና ወንበሮቹን ልሸፍናቸው ነው። ቋጠሮዬን ታውቂዋለሽ፤ ማንም አይፈታውም።

ታሙ፦ አሥራ አምስቱን ወንበር አንድ ላስቲክ አይበቃውም።

ቡሻይብ፦ [ከደረጃው ላይ] የፍሪጄን አመጣለሁ።